ቁሳዊ ማስረጃ ከተሰበረው በር እስከ ላቦራቶሪ፦ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ በቅድሚያ የተዘጋጀው የቤት ሰብሮ ስርቆት በተፈጸመበት ሥፍራ ቀድመው ለሚደርሱ የፖሊስ አባላትና በምርመራ ሥራ ላይ በቅርቡ ለተመደቡ ባለሙያዎች ቢሆንም፣ የሕግ ተማሪዎች፣ የድርጅት ጥበቃ ኃላፊዎችና ቤታቸው የተሰበረባቸው ሰዎችም ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ስርቆት የተመረጠበት ምክንያት የጫማ ኮቴ፣ የጣት አሻራ፣ የመሣሪያ ምልክት፣ የመስታወት ስባሪና የደም ጠብታ በአንድ ግቢ ውስጥ አብረው የሚገኙት ብዙውን ጊዜ በዚህ ዓይነቱ ጉዳይ በመሆኑ ነው። አያያዙን በዚህ የተማረ ሰው ወደ ከባድ ወንጀል ሲሻገር ብዙም አይቸገርም።

የሥራው መነሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1910 በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ በፍርድ ቤቱ ሕንፃ ጣሪያ ሥር የፖሊስ ላቦራቶሪ ያቋቋመው ኤድሞን ሎካር ያስተማረው ሐሳብ ነው፤ ሁለት ነገሮች ሲነካኩ አንዱ ለሌላው አንድ ነገር ይተዋል፣ ከሌላውም አንድ ነገር ይወስዳል። ብዙዎች ይህን የሚጠቅሱት ስለ ሌባው ሲያወሩ ብቻ ነው። ነገር ግን ሐሳቡ ለፖሊሱም፣ ለጎረቤቱም፣ ሊያጽናና ለመጣው ዘመድም እኩል ይሠራል። ላቦራቶሪ ምንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን ሊመልስ የሚችለው የተላከለትን ብቻ ስለሆነ፣ የመሣሪያ እጥረትን ከመውቀስ በፊት በሥፍራው ላይ ስንት ነገር በእግር እንደተረገጠና በስንት እጅ እንደተነካ መጠየቅ ይገባል።

1. ቦርሳውን ማዘጋጀት

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉት አብዛኞቹ ዕቃዎች ከጽሕፈት መሣሪያ መደብርና ከፋርማሲ የሚገኙ ናቸው፤ በርከት ያለ የላስቲክ ጓንት፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ ጠንካራ ብርሃን ያለው የእጅ ባትሪ፣ ሜትር፣ በሚሊሜትር የተከፋፈለ አጭር ማስመሪያ፣ ቁጥር የተጻፈባቸው ካርዶች፣ በተለያየ መጠን ካኪ ፖስታና የወረቀት ከረጢት፣ ካርቶን፣ እሽጉ ያልተከፈተ የናሙና መውሰጃ ጥጥ፣ የተጣራ ውሃ፣ ማሸጊያ ፕላስተርና በቀላሉ የማይለቅ እስክሪብቶ። የአሻራ ዱቄትና ብሩሽ እንዲሁም ለኮቴ የሚሆን ጄሶ በመምሪያው በኩል ይቀርባሉ። ፌስታል በዝርዝሩ ውስጥ አልተካተተም፤ ምክንያቱ በደም አሰባሰብ ክፍል ይገለጻል።

2. ሥፍራውን መዝጋት

በሥፍራው ቀድሞ የደረሰ የፖሊስ አባል የመጀመሪያ ሥራ ሌባው አሁንም ውስጥ አለመኖሩን ማረጋገጥ፣ የተጎዳ ሰው ካለ ሕክምና እንዲያገኝ ማድረግ፣ ከዚያም ሥፍራውን መዝጋት ነው። የሰው ሕይወት ከማንኛውም ማስረጃ ይቀድማል፤ የአምቡላንስ ሠራተኞች የረገጡት ቦታና ከቦታው ያንቀሳቀሱት ዕቃ ግን በማስታወሻ መያዝ አለበት።

የሚከለለው ቦታ ከተሰበረው ክፍል ሰፋ ያለ መሆን ይገባዋል። ሌባው የዘለለው አጥር፣ የቆመበት የአትክልት መደብ፣ ዕቃውን ለጊዜው ያስቀመጠበት የቦይ ዳር ሁሉ የሥፍራው አካል ናቸው። ሰፍቶ የተከለለን ቦታ በኋላ ማጥበብ ቀላል ነው፤ ጠብቦ የተከለለን ማስፋት ግን ዋጋ የለውም፤ ውጭ የቀረው በሙሉ ተረግጧልና። ለመግቢያና ለመውጫ አንድ መንገድ ብቻ ይወሰናል፤ መንገዱም ሌባው ተጠቅሞበታል ተብሎ የማይገመት መሆን አለበት። በበሩ ላይ አንድ ሰው ቆሞ የገባውንና የወጣውን ሰው ስም ከነሰዓቱ ይመዘግባል። በዚህ መዝገብ ላይ አለቃም ሆነ የቀበሌ ኃላፊ ሳይመዘገብ አያልፍም፤ ሊያይ ብቻ የመጣ አለቃ ስሙ እንደሚጻፍ ሲነገረው ብዙውን ጊዜ ከበር መመለሱም ሌላ ጥቅም ነው።

በእኛ አገር ሁኔታ ከሌባው ይልቅ ሥፍራውን የሚያበላሸው ደግነት ነው። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ቡና ይፈላል፣ የቤቱ ባለቤትም ድንጋጤው ቀለል ሲልለት ሰው ሊገባ ነው ብሎ የተበተነውን ልብስ ማጣጠፍና ወለሉን መጥረግ ይጀምራል። ስለዚህ በትሕትናና በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ «እትዬ፣ እባክዎ እኛ እስክንጨርስ ምንም ነገር አያንሱ፤ የእጅ መታጠቢያውንም ሆነ መጸዳጃ ቤቱን ለጊዜው አይጠቀሙበት» ማለት በቂ ነው። ሌባ እጁን የታጠበበት ወይም የሸናበት ሥፍራ ብዙ ነው። መርማሪዎቹም በተከለለው ቦታ ውስጥ አያጨሱም፣ አይበሉም፣ የቀረበላቸውን ቡና ከክልሉ ውጭ ይጠጣሉ።

የቤቱ ነዋሪዎች፣ የሠራተኞችና የጥበቃው የጣት አሻራና የጫማ ሶል ምስል በፈቃዳቸው ይወሰዳል። ይህ የሚደረገው እነርሱን ለመጠርጠር ሳይሆን በቤቱ ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኘውን አሻራ ከባዕዱ ለመለየት መሆኑ አስቀድሞ ካልተነገራቸው፣ በተለይ የቤት ሠራተኞች በከንቱ ይሸማቀቃሉ።

በተበዳዩ ቤት ላይ የሚደረገው ምርመራ በባለቤቱ ፈቃድ ይከናወናል። የተጠርጣሪው ቤት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እንደሚያዘው፣ በሕጉ ከተዘረዘሩት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር ብርበራ የሚደረገው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው፤ ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካልፈቀደም ከጠዋቱ 12 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ አይበረበርም፤ የተያዘው ዕቃም ተዘርዝሮ ይጻፋል፣ በተቻለ መጠን ገለልተኛ የሆነ ሰው አይቶ ይፈርምበታል። ያለ አግባብ የተያዘ ጥሩ ማስረጃ በክርክር ላይ ከመጥፎ ማስረጃ የባሰ ችግር ያመጣል።

3. ሰዓትና ቀን አጻጻፍ

ይህ ነጥብ ትንሽ ቢመስልም ብዙ ጉዳዮች የሚጣረሱበት ስለሆነ ለብቻው ማየት ተገቢ ነው። ተበዳዩ «ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ድምፅ ሰማሁ» ይላል፤ የጎረቤቱ የደኅንነት ካሜራ 03፡00 ያሳያል፤ የስልኩ መረጃ ደግሞ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈ ነው። ሦስቱም የሚያመለክቱት ያንኑ ሰዓት ነው፤ በፋይል ላይ ሳይብራራ የገባ እንደሆነ ግን የተከላካይ ጠበቃ ምስክሩንና ካሜራውን ሊያጋጭባቸው ይችላል። ስለሆነም መርማሪው ማስታወሻውን ሲጀምር በየትኛው የሰዓትና የቀን አቆጣጠር እንደሚጽፍ በመጀመሪያው መስመር ላይ ያሰፍራል፣ እስከ መጨረሻውም አይቀይርም። ከመሣሪያ የተገኘን ሰዓት መሣሪያው ባሳየው መልክ ጽፎ፣ አቻውን በጎኑ ያስቀምጣል። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ከአውሮፓው በ7 ወይም በ8 ዓመት ስለሚለይና ልዩነቱም እንደ ወሩ ስለሚቀያየር፣ በተለይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ባሉት ወራት የሚጻፉ ቀኖች ሁለት ጊዜ ይታያሉ።

4. ፎቶግራፍና ንድፍ

ምንም ነገር ከመነካቱ በፊት ሥፍራው በሦስት ርቀት ይነሣል። በመጀመሪያ ከውጭ ጀምሮ የግቢውና የእያንዳንዱ ክፍል አጠቃላይ ገጽታ ከየማዕዘኑ፣ ቀጥሎ ማስረጃው በአካባቢው ካለ ቋሚ ነገር ጋር ያለውን ዝምድና የሚያሳይ መካከለኛ ምስል፣ በመጨረሻም የማስረጃው የቅርብ ምስል ይወሰዳል። የቅርቡ ምስል ሁለት ጊዜ ይነሣል፤ አንዱ ዕቃው እንደተገኘ፣ ሌላው ማስመሪያና የቁጥር ካርድ ከጎኑ ተደርጎ ነው። ማስመሪያው ከማስረጃው ጋር በአንድ ከፍታ ላይ መቀመጥና ካሜራው ወደ ጎን ሳያዘነብል ፊት ለፊት መሆን አለበት፤ ያለዚያ ከፎቶው ላይ የሚወሰድ ልኬት ይዛባል። የተበላሸ ወይም የደበዘዘ ፎቶ አይሰረዝም። በተከታታይ ቁጥር መካከል የጎደለ ምስል «ምን ደብቃችሁ ነው?» የሚል ጥያቄ ያስነሣል።

ንድፉ ውብ መሆን አይጠበቅበትም። ሰሜን የቱ ጋ እንደሆነ ይጠቆማል፣ የክፍሉ ስፋት ይለካል፣ እያንዳንዱ ማስረጃ ከሁለት ቋሚ ነጥቦች፣ ለምሳሌ ከክፍሉ ሁለት ማዕዘኖች፣ ያለው ርቀት ይጻፋል። ሶፋና ጠረጴዛ ስለሚንቀሳቀሱ መነሻ ነጥብ አይሆኑም።

5. ፍለጋውና የአሰባሰቡ ቅደም ተከተል

የፍለጋው ዘዴ እንደ ቦታው ይመረጣል። ሜዳ በትይዩ መስመሮች ይታሰሳል፤ ጊዜ ከተገኘ ያው ሜዳ በሌላኛው አቅጣጫ በድጋሚ ይታሰሳል፤ ቤት በየክፍሉ ተከፋፍሎ ይታያል። ቅደም ተከተሉን የሚወስነው ደካማነት ነው፤ ቶሎ የሚጠፋ ቀድሞ ይያዛል። በክረምት ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ከጠቆረ፣ ሳሎን ውስጥ የሚያጓጓ የጣት አሻራ ቢታይም እንኳ በግቢው ጭቃ ላይ ያለው ኮቴ ይቀድማል። ወዲያው መድረስ ካልተቻለ ኮቴው በንጹሕ ሳፋ ወይም ካርቶን ይሸፈናል፤ ዙሪያውም ውሃ እንዳይገባ በአፈር ይከተራል። በቤት ውስጥ ደግሞ በመጀመሪያ ፀጉርና የጨርቅ ጭረት፣ ቀጥሎ ደምና ሌላ የሰውነት ፈሳሽ፣ በመጨረሻ በዱቄት የሚፈለግ አሻራ ይሰበሰባል። ምክንያቱም የዱቄቱ ብሩሽ ከአንዱ ቦታ የዘረ መል (ዲኤንኤ) ቅንጣት አንሥቶ ወደ ሌላው ሊወስድ ይችላል።

6. የጫማ ኮቴ

ኮቴ በብዙ ምርመራዎች የሚናቅ ማስረጃ ነው፤ በእኔ እምነት ግን ለቤት ሰብሮ ስርቆት ከጣት አሻራ ባልተናነሰ ይጠቅማል። ሌባ ጓንት ያደርጋል እንጂ በአየር ላይ አይሄድም። የሶሉ ቅርጽ የጫማውን ዓይነት ሲያሳይ፣ በአጠቃቀም የመጣው መበላት፣ የተቆረጠ ጠርዝ ወይም የተሰካ ጠጠር ደግሞ ያንን አንድ ጫማ ከሺህ መሰሎቹ ሊለየው ይችላል።

በመጀመሪያ ካሜራው ከኮቴው በላይ ቀጥ ብሎ በማቆሚያ ላይ ይተከላል፤ ማስመሪያውም ከኮቴው ወለል እኩል እንዲሆን ከጎኑ ባለው አፈር ላይ ይቀመጣል። የእጅ ባትሪው ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ በጎን በኩል ሲያበራ ጥልቀቱ በጥላ ይታያል፤ ብርሃኑ ከሦስት ወይም ከአራት አቅጣጫ እየተቀያየረ ይነሣል። በላዩ ላይ የወደቀ ቅጠል በጥንቃቄ ይነሣል፤ ጫማው ሲረግጠው ወደ አፈሩ የገባ ቅጠል ወይም ጠጠር ግን የኮቴው አካል ስለሆነ አይነካም።

ከዚያ ቅርጹ ይወሰዳል። የሚመረጠው የጥርስ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ጠንካራ ጄሶ ሲሆን፣ ለአንድ ኮቴ ወደ 900 ግራም ዱቄት በ300 ሚሊ ሊትር አካባቢ ውሃ ይበጠበጣል። ጓል የሌለው፣ ለምጣድ የደረሰ የእንጀራ ሊጥ ያህል የሚፈስ ሲሆን ደርሷል ማለት ነው። በቀጥታ በኮቴው መካከል አይፈስስም፤ ከኮቴው ዳር መሬት ላይ ተደርጎ ቀስ እያለ ራሱ እንዲገባ ይደረጋል። ለግንባታ የሚሸጠው ተራ ጄሶ ሌላ ከጠፋ ሊሠራ ይችላል፤ ቶሎ ስለሚሰበር ግን በወፍራሙ መፍሰስና በመካከሉ ቀጫጭን እንጨት መግባት አለበት። ጄሶው ሙሉ በሙሉ ሳይጠነክር በጀርባው ላይ የጉዳዩ ቁጥር፣ ቀኑ፣ የሰሜን አቅጣጫና የባለሙያው ፊርማ በእንጨት ጫፍ ይጫራል። ቢያንስ ከ30 ደቂቃ በኋላ፣ በቅዝቃዜ ጊዜ ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ፣ ዙሪያው ተቆፍሮ ከሥር ይነሣል። የተጣበቀበት አፈር በሥፍራው አይታጠብም፣ አይፋቅም፤ ቢያንስ ለ24 ሰዓት፣ ቢቻል ለ48 ሰዓት በአየር ከደረቀ በኋላ የሚያጸዳው ላቦራቶሪው ነው። ማሸጊያው ካርቶንና ወረቀት ይሆናል።

7. የመሣሪያ ምልክትና መስታወት

በላሜራ በር ላይ በካቻቪቴ ወይም በፌሮ የተፈነቀለ ቦታ የመሣሪያውን ጫፍ ስፋትና ጉድለት ይዞ ይቀራል። እዚህ ላይ የሚፈተነው የመርማሪው ጣት ነው፤ በተጠርጣሪው እጅ የተገኘን ካቻቪቴ «ይገጥም እንደሆነ እንይ» ብሎ ወደ ምልክቱ ማስገባት ሁለቱንም ማስረጃ በአንድ ጊዜ ያጠፋል። አዲስ ጭረት ይፈጠራል፤ በመሣሪያው ላይ ያለው ቀለምም ከበሩ የመጣው ያን ጊዜ ይሁን በወንጀሉ ዕለት መለየት አይቻልም። የሚቻል ከሆነ ምልክት ያለበት ክፍል፣ ለምሳሌ የተሰበረው ጓጉንቸር፣ እንዳለ ይወሰዳል። ካልተቻለ ከነማስመሪያው ፎቶ ተነሥቶ በሲሊኮን ቅርጹ ይወሰዳል። ከበሩ ካልተጎዳ ቦታ የቀለም ናሙና ለማነጻጸሪያ መውሰድ አይረሳም።

መስታወት ከሚገመተው በላይ ይናገራል። ሲመታ ጥቃቅን ስባሪው ወደ ፊት ብቻ ሳይሆን ወደ መቺውም ይበተናል፤ በሹራብና በፀጉር ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የተጠርጣሪው ልብስ ሳይራገፍ በወረቀት ላይ ቆሞ እንዲያወልቀው ይደረጋል፣ ወረቀቱም አብሮ ታጥፎ ይታሸጋል። በመስኮቱ ክፈፍ ላይ የቀሩት ቁርጥራጮች ከመነቀላቸው በፊት የትኛው ገጻቸው ወደ ውጭ እንደነበረ በማርከር «ውጭ» ተብሎ ይጻፍባቸዋል። በተራ መስታወት ላይ፣ ከምቱ ነጥብ ተነሥተው እንደ ጨረር የሚዘረጉት ስንጥቆች ጠርዛቸው በማጉያ ሲታይ የተጠማዘዙ መስመሮች አሉት፤ መስመሮቹ ከምቱ በተቃራኒ ካለው ገጽ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ይሠራሉ። በዚህ መንገድ መስኮቱ ከውስጥ ተሰብሮ ስርቆት የተመሰለ እንደሆነ ባለሙያው ሊያውቅ ይችላል። እንደ መኪና የጎን መስታወት ወደ ጥቃቅን ኩብ የሚፈርሰው ዓይነት ግን ለዚህ አይሆንም።

8. የጣት አሻራ

እ.ኤ.አ. በ1892 በአርጀንቲና ኔኮቼያ ከተማ ሁለት ሕፃናት ተገድለው ተገኙ፤ እናታቸው አንድ ጎረቤቷን ከሰሰች። መርማሪው ኤድዋርዶ አልቫሬዝ በበሩ መቃን ላይ በደም የታተመ አሻራ አይቶ ያንን የእንጨት ክፍል ቆርጦ ወሰደው፤ አሻራው የእናትየዋ ሆኖ ተገኘ፣ እርሷም አመነች። ከዚህ ታሪክ ለእኛ ሥራ የሚጠቅመው የመጋዙ ነገር ነው፤ ማስረጃውን ከነተቀመጠበት መውሰድ ከተቻለ ከማንኛውም ቅጂ ይበልጣል።

አሻራ በመጀመሪያ በዓይን ይፈለጋል። ባትሪው በጎን በኩል ወደ መስታወቱ ወይም ወደ ቁም ሣጥኑ በር ሲበራ፣ በላብና በቅባት የተተወው አሻራ ያብረቀርቃል። ሌባ የሚነካቸውን ቦታዎች ማሰብ ያስፈልጋል፤ መሳቢያው ከሥሩ፣ የቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ አምፖል ነቅሎ ከሆነ አምፖሉ። የታየው አሻራ ዱቄት ከመንካቱ በፊት ፎቶ ይነሣል። ነጣ ላለ ገጽ ጥቁር ዱቄት፣ ጠቆር ላለው ነጭ ወይም ብርማ ዱቄት ይመረጣል። በብሩሹ ጫፍ እጅግ ጥቂት ዱቄት ተይዞ ሳይጫኑ ይዳበሳል፤ መስመሮቹ መታየት ሲጀምሩ የብሩሹ እንቅስቃሴ አቅጣጫቸውን ይከተላል። ዱቄት ያበዛ እጅ መስመሮቹን ይደፍናቸዋል፤ በጀማሪዎች ዘንድ ከሁሉ የሚበዛው ጥፋትም ይኸው ነው። ከዚያ በድጋሚ ፎቶ ተነሥቶ በግልጽ ፕላስተር ይነሣና በካርድ ላይ ይለጠፋል፤ ከየት እንደተነሣና የትኛው ወገኑ ወደ ላይ እንደነበር በቀስት ይጠቆማል።

ዱቄት ለለስላሳ ገጽ ብቻ ነው። ወረቀት፣ ቼክ፣ ካርቶንና ያልተቀባ እንጨት በላቦራቶሪ ኒንሃይድሪን በተባለ ኬሚካል ይታከማሉ፤ ኒንሃይድሪን ከላብ ውስጥ ካለው አሚኖ አሲድ ጋር ሲገናኝ ሐምራዊ ቀለም ይሰጣል። ጠርሙስ፣ ላስቲክና ቆርቆሮ ደግሞ በሱፐር ግሉ ጭስ ይፈተናሉ። ስለዚህ እነዚህ በጠርዛቸው ተይዘው፣ በካርቶን ውስጥ እንዳይነካኩ ተደርገው እንዳሉ ይላካሉ። ጤዛ ያረፈበት ወይም ዝናብ የነካው መስታወት በጨርቅ አይጠረግም፤ በጥላ ሥር በራሱ ይደርቃል። ሸካራ መያዣ ያለው መሣሪያ አሻራ አይይዝም ተብሎ አይተውም፤ ሸካራው ገጽ የቆዳ ሕዋስ ስለሚፍቅ በጥጥ ለዘረ መል ናሙና ይወሰዳል።

9. ደምና ሌላ የሰውነት ናሙና

በመስኮቱ ጠርዝ ላይ የደረቀ ቀይ ቡናማ ነጥብ ከተገኘ፣ በፎቶና በንድፍ ከተመዘገበ በኋላ መርማሪው አዲስ ጓንት ያጠልቃል፣ አፍና አፍንጫውን ይሸፍናል፣ በናሙናው ላይ ጎንበስ ብሎ አያወራም። የጥጡ ጫፍ በአንድ ጠብታ የተጣራ ውሃ ይረጥባል፤ ነጥቡ ወደ ጥጡ ጫፍ እንዲሰበሰብ በትንሽ ቦታ ላይ ይሽከረከራል። በሁለተኛ ጥጥ ደግሞ ደም ከሌለበት አጠገብ ያለ ቦታ ለማነጻጸሪያ ይወሰዳል። ጥጡ በአየር ከደረቀ በኋላ በወረቀት ፖስታ ይታሸጋል። ለቀጣዩ ነጥብ ጓንቱ እንደገና ይቀየራል። ይህ ለብዙዎች ብክነት ይመስላቸዋል፤ የአንድ ጥንድ ጓንት ዋጋ ግን ከአንድ የወደቀ ክስ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ፌስታል የተከለከለው እዚህ ላይ ነው። እርጥበት ያለው ልብስ በላስቲክ ሲታሰር ውስጡ ይታፈናል፣ ባክቴሪያና ሻጋታ ይራባሉ፣ ዘረ መሉም ይበላሻል፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ይፈጥናል። እ.ኤ.አ. በ1995 በሎስ አንጀለስ በተካሄደው፣ በግድያ በተከሰሰው አሜሪካዊ ስፖርተኛ በኦ. ጄ. ሲምፕሰን ችሎት የመከላከያ ጠበቆች አጥብቀው ከያዟቸው ነጥቦች አንዱ፣ እርጥብ የደም ናሙና በላስቲክ ከረጢት ሆኖ ማቀዝቀዣ በሌለው መኪና ውስጥ መቆየቱ ነበር። እርጥብ ልብስ ሰው በማይገባበት ክፍል ውስጥ፣ ከሥሩ ንጹሕ ወረቀት ተነጥፎ፣ በጥላ ይደርቃል፤ ሲታጠፍም የደሙ ነጥብ ከሌላው ክፍል ጋር እንዳይነካካ በመካከሉ ወረቀት ይገባል።

ስለ ናሙና መውሰጃው ጥጥም አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። በጀርመን፣ በኦስትሪያና በፈረንሳይ በደርዘን በሚቆጠሩ የማይመሳሰሉ ወንጀሎች ላይ የአንዲት ሴት ዘረ መል ለዓመታት ሲገኝ ኖሮ፣ ጋዜጦች «የሃይልብሮን ጥላ» እያሉ ሲጽፉላት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ዘረ መሉ ጥጡን በማምረቻው ፋብሪካ ያሸገችው ሠራተኛ መሆኑ ታወቀ። ጥጡ ከጀርም የጸዳ ነበር፤ ከጀርም መጽዳት ግን ከዘረ መል መጽዳት አይደለም። ስለዚህ ግዢ ሲጠየቅ ለፎረንሲክ ሥራ የተዘጋጀው ዓይነት ተለይቶ ይጠየቃል፤ ከየማሸጊያውም ያልተነካ አንድ ጥጥ አብሮ ወደ ላቦራቶሪው ይላካል።

በፊልም ላይ የሚታየው፣ በጨለማ የሚያበራው ሉሚኖል የተባለ የደም መፈለጊያ ኬሚካል የመጨረሻ አማራጭ ነው። ከደም ጋር ብቻ ሳይሆን ከበረኪናና ከአንዳንድ ብረቶችም ጋር ያበራል፤ ናሙናውንም ያቀጥነዋል። በየሳምንቱ ወለሉ በበረኪና በሚታጠብ ቤት ውስጥ ብርሃኑን አይቶ «ደም ነው» ማለት አይቻልም።

10. ስልክና ካሜራ

ሌባው ስልክ ጥሎ ከሄደ፣ በርቶ ከተገኘ አይጠፋም፣ ጠፍቶ ከተገኘ አይበራም። የበራው ከሩቅ ትእዛዝ ተልኮ እንዳይሰረዝ ከኔትወርክ ተለይቶ፣ ቻርጅ ሳያልቅበት ወደ ባለሙያ ይላካል። ማንም ሰው ፎቶዎቹን ለማየት አይነካካውም። የደኅንነት ካሜራ መቅጃ የቆየውን በአዲሱ እየሸፈነ ስለሚሄድ፣ የጎረቤት ካሜራ በዚያው ቀን ይጠየቃል። ቅጂ ከመወሰዱ በፊት የመቅጃው ሰዓትና ትክክለኛው ሰዓት ጎን ለጎን በአንድ ፎቶ ይያዛሉ፤ የካሜራ ሰዓት የተዛባ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው።

11. ሥፍራው ሌላ ነገር ካስከተለ

ሽጉጥ ከተገኘ በአፈሙዙ ውስጥ እስክሪብቶ አስገብቶ ማንሣት ክልክል ነው፤ በሸካራው እጀታ ተይዞ፣ አቅጣጫው ወደ ሰው ሳይሆን፣ ጥይቱ በሚያውቅ ሰው ይወጣል። ቀለሃዎች ተለያይተው በወረቀት ይጠቀለላሉ፤ የእያንዳንዱ መገኛ ተኳሹ የቆመበትን ቦታ ለመገመት ስለሚጠቅም ሳይለካ አይነሣም። በተጠርጣሪው እጅ ላይ ያለው የባሩድ ቅሪት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይረግፋልና፣ እጁ እንዳይታጠብ ተደርጎ በወረቀት ከረጢት ይሸፈናል። ቤንዚን ወይም ነጭ ጋዝ የነካው የተቃጠለ ነገር ግን ከደም ተቃራኒ ነው፤ በወረቀት ከታሸገ ይተናል፣ ስለዚህ ጥብቅ ክዳን ባለው ንጹሕ ቆርቆሮ ወይም ብርጭቆ ዕቃ፣ ከላይ ጥቂት ባዶ ቦታ ተትቶለት ይቀመጣል። አስከሬን ካለ ሐኪም ሳይደርስ አይገለበጥም።

12. ማሸግ፣ መሰየምና ርክክብ

እያንዳንዱ ኤግዚቢት፣ ማለትም በማስረጃነት የተያዘ ዕቃ፣ ለብቻው ይታሸጋል። ከሥፍራው የተሰበሰበና ከተጠርጣሪው የተወሰደ ነገር በአንድ ካርቶን፣ በአንድ መኪና ወይም በአንድ ጠረጴዛ ላይ መገናኘት የለበትም። ከተቻለ ሥፍራውን የመረመረው ሰውና ተጠርጣሪውን የሚፈትሸው ሰው የተለያዩ ይሆናሉ፤ አለበለዚያ በተጠርጣሪው ሹራብ ላይ የተገኘው መስታወት በፖሊሱ ካፖርት የመጣ አለመሆኑን ማስረዳት አይቻልም።

መግለጫው የታየውን ብቻ ይናገራል። «የሌባው ደም» አይባልም፤ «ኤግዚቢት 4፤ ከማዕድ ቤቱ መስኮት የቀኝ ጠርዝ፣ ከወለል 112 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ በጥጥ የተወሰደ ቀይ ቡናማ ነገር» ተብሎ ይጻፋል። «የወርቅ ሐብል» ሳይሆን «ቢጫ ብረት ሐብል» ይባላል፤ ወርቅ መሆኑን የሚናገረው መርማሪው አይደለም። በፖስታው ላይ የጉዳዩ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት፣ የሰብሳቢው ስም እስከ አያት ይሰፍራል፤ ጽሑፉ የሚጻፈው ዕቃው ከመግባቱ በፊት ነው። ማሸጊያው ከተለጠፈ በኋላ ፊርማው ግማሹ በፕላስተሩ፣ ግማሹ በፖስታው ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል፤ እንዲህ ሲሆን የተከፈተ ፖስታ ራሱን ያሳብቃል። በስቴፕለር ማሸግ ቀዳዳ ስለሚፈጥር አይፈቀድም።

የርክክብ ቅጹ ማን፣ ለማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳስረከበ ያለ ክፍተት ያሳያል። ዕቃው ለአንድ ሌሊት በመርማሪው መሳቢያ ውስጥ ካደረ ያም ይጻፋል፤ ቁልፉ በማን እጅ እንደነበር ጭምር።

13. ወደ ላቦራቶሪ የሚላከው ደብዳቤ

«የተላከው ኤግዚቢት ተመርምሮ ውጤቱ ይገለጽልን» የሚለው የተለመደ ዓረፍተ ነገር ባለሙያውን አይረዳም። ጥያቄው ተለይቶ መቅረብ አለበት፤ ለምሳሌ «በኤግዚቢት 2 ላይ ያለው ኮቴ በኤግዚቢት 9 ጫማ የታተመ ነው ወይ?» ወይም «በኤግዚቢት 7 ሹራብ ላይ ያለው ስባሪ ከኤግዚቢት 5 መስታወት ጋር ይመሳሰላል ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። ማነጻጸሪያ ናሙና ሳይላክ የሚቀርብ የማነጻጸር ጥያቄ ደብዳቤ ከማመላለስ ሌላ ውጤት የለውም።

በደብዳቤው ላይ የማይጻፍም አለ። ተጠርጣሪው ማመኑን፣ የቀድሞ ጥፋቱን ወይም የመርማሪውን ግምት መግለጽ የባለሙያውን ዓይን አስቀድሞ ይመራዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 ከማድሪድ የባቡር ፍንዳታ በኋላ በአንድ ከረጢት ላይ የተገኘን አሻራ የአሜሪካው ኤፍቢአይ የኦሪገን ነዋሪ የሆነ የአንድ ጠበቃ ነው ብሎ ሰውየውን አሰረ፤ የመጀመሪያውን ውሳኔ የሰጠውን ባለሙያ የሥራ ባልደረቦቹም ደግፈውት ነበር። የስፔን ፖሊስ አሻራው የአንድ አልጄሪያዊ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ነው ስሕተቱ የታመነው። ሁለተኛው መርማሪ የመጀመሪያውን መልስ ሳያውቅ መሥራት ያለበት ለዚህ ነው።

14. ከውጤቱ በኋላ

የላቦራቶሪው መልስ «ይመሳሰላል»፣ «አይመሳሰልም» ወይም «ለመወሰን አይበቃም» ሊል ይችላል፤ ሦስተኛው መልስ ሁለተኛው ተደርጎ አይነበብም፣ «አይመሳሰልም» የሚለውም ከፋይሉ አይወጣም፤ ለዐቃቤ ሕግ ከሌሎቹ ጋር አብሮ ይቀርባል።

የተመለሰው ኤግዚቢት ለፍርድ ቤት እስኪቀርብ በደረቅና በተቆለፈ ክፍል ይቀመጣል። በችሎት ወይም ለዳግም ምርመራ መከፈት ካለበት አሮጌው ማሸጊያ አይቀደድም፤ ፖስታው በሌላ ጎኑ ተቆርጦ ይከፈታል፣ ሲመለስም በአዲስ ፕላስተር ታሽጎ የከፈተው ሰው ቀንና ፊርማ ይጻፍበታል። ለባለቤቱ የሚመለስ ዕቃ፣ ለምሳሌ ቴሌቪዥን ወይም የእጅ ሰዓት፣ በፍርድ ቤቱ ወይም በዐቃቤ ሕግ ውሳኔ መሠረት፣ መለያ ቁጥሩ ከነፎቶው በፋይሉ ከተያዘ በኋላ በፊርማ ይሰጠዋል፤ የናሙና ጥጦችና የአሻራ ካርዶች ግን የይግባኝ ጊዜው እስኪያልፍ ድረስ ከመዝገቡ ጋር ይቆያሉ።